ለጀማሪና ለሠዓሊ የሚሆን ዲኤስኤልአር ካሜራ፦ ከግዢ እስከ ጥምቀት፣ በጎንደር ብርሃን

ስልክ ጥሩ ፎቶ ያነሳል፤ ይህን የሚክድ የለም። ቀን ላይ ፋሲል ግቢን አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለመለጠፍ ከስልክ በላይ አያስፈልግም። ካሜራ የሚያስፈልገው ስልኩ በራሱ የሚወስነውን ነገር እኛ ልንወስን ስንፈልግ ነው። ሠዓሊ ከሆናችሁ ሸራው ላይ የቀባችሁት ቀይ ያው ቀይ ሆኖ እንዲወጣ ትፈልጋላችሁ። ፎቶ ማንሳት ልትማሩ ካሰባችሁ ደግሞ በጧፍ ብርሃን የተነሳ ፊት ለምን ብዥ እንዳለ ማወቅ አለባችሁ። ስልክ ይህን አያስተምርም፤ ደባብሶ ያልፈዋል።

ይህ መመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዲኤስኤልአር ለሚገዛ ሰው ነው። አንድ ነገር እደጋግምባችኋለሁ፦ ካሜራው ብርሃንን የሚገምት ማሽን ነው፤ ግምቱም ጎንደር ላይ ቶሎ ይሳሳታል። ነጭ ጋቢ፣ ጠይም ፊት፣ የጠቆረ የግንብ ድንጋይና ጠራራ ፀሐይ አንድ ፎቶ ውስጥ ሲገቡ ማረሙ የእናንተ ሥራ ነው።

ደረጃ 1፦ የትኛው ይገዛ?

ዲኤስኤልአር ውስጥ መስታወት አለ። በሌንሱ የገባውን ምስል ወደ ላይ መልሶ ዓይናችሁ ጋ ያደርሰዋል። ስትጫኑ መስታወቱ ይነሳል፣ ሹተሩ (የብርሃኑ መጋረጃ) ይከፈታል፣ ብርሃኑ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ ያርፋል። ቀጭ የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። አሁን ኩባንያዎቹ ፊታቸውን ሚረርለስ ወደሚባለው፣ መስታወት ወደሌለው ካሜራ አዙረዋል። ለጀማሪ ይህ መልካም ዜና ነው። ባለሙያው ወደ አዲሱ ሲሄድ የድሮው ዋጋው ይቀንሳል፤ የሚያነሳው ፎቶ ግን ያው ነው።

ሦስት ሞዴሎችን ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ፦ ካኖን 2000ዲ፣ ካኖን 4000ዲ እና ኒኮን ዲ3500። ሦስቱም የወጡት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። 4000ዲ ርካሹ ነው፤ ርካሽ የሆነበትም ምክንያት አለው። 18 ሜጋፒክስል ነው፣ ስክሪኑ አነስ ይላል፣ ሌንሱ የሚታሰርበት ቀለበትም ፕላስቲክ ነው። ሌንስ እየቀያየራችሁ ለዓመታት የምትሠሩ ከሆነ ይህ ፕላስቲክ አያስተማምንም። 2000ዲ ቀለበቱ ብረት ነው፤ 24.1 ሜጋፒክስልም አለው። ኒኮን ዲ3500 24.2 ሜጋፒክስል ሲሆን ጨለማ ላይ ከሁለቱ ካኖኖች ይሻላል። ባትሪውም ጉድ ነው፦ በፋብሪካው መለኪያ በአንድ ቻርጅ እስከ 1,550 ፎቶ ይሄዳል። 2000ዲ በዚያው መለኪያ 500 ገደማ ነው። መብራት ሄድ መጣ ለሚልበት ሰፈር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ታዲያ ኒኮን ይሁን? ቆይ፣ ሌላም ነገር አለ። ዲ3500 ቦዲው (ሌንስ ያልተገጠመበት ካሜራው ራሱ) ውስጥ የፎከስ ሞተር የለውም። ስለዚህ ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ ያለ፣ ኤኤፍ-ኤስ ወይም ኤኤፍ-ፒ የሚል ሌንስ ካልገዛችሁ በእጅ ፎከስ ማድረግ ይመጣል። የድሮ የኒኮን ሌንስ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ካኖን ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ ኢኤፍ ወይም ኢኤፍ-ኤስ የሚል ሌንስ ሁሉ ሞተሩን ይዞ ነው የሚመጣው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ በመጀመሪያ በዙሪያችሁ ማን ምን እንደያዘ እዩ። ጓደኛችሁ ወይም የሰፈራችሁ ፎቶ ቤት ልጅ ካኖን ከያዘ ካኖን ግዙ። ሌንስ ትዋሳላችሁ፣ ቻርጀር ትዋሳላችሁ፣ የጠፋባችሁን ቁልፍ የሚያሳያችሁ ሰው ታገኛላችሁ። በሜጋፒክስል መፎካከሩን ተዉት። 18ቱም ሆነ 24ቱ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፎቶ ይበቃሉ።

ቪዲዮ ለመሥራት ያሰባችሁ ግን ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት። ሦስቱም የውጭ ማይክ መሰኪያ የላቸውም። ለዩቲዩብ ቃለ መጠይቅ የሚፈልግ ሰው ሌላ ካሜራ ቢያይ ይሻለዋል።

ደረጃ 2፦ ያገለገለ ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

ያገለገለ ካሜራ መግዛት አያሳፍርም፤ ለጀማሪ እንዲያውም የምመክረው እሱን ነው። ግን ሻጩ «አንድ ሰው ብቻ ነው የያዘው፣ ቤት ነው የተቀመጠው» ሲላችሁ ሳቅ ብላችሁ ፍተሻችሁን ቀጥሉ።

የራሳችሁን ሜሞሪ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ሌንሱን ነቅላችሁ የቀለበቱን ጥርስ እዩ፤ የተፋቀ ወይም የሚወዛወዝ ከሆነ ይቅር። ከዚያ የስልካችሁን ባትሪ መብራት ከሌንሱ በአንድ በኩል አብሩና በሌላው በኩል ተመልከቱ። ጥቂት አቧራ ችግር የለውም። የሸረሪት ድር የሚመስል ነጭ ክር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ያን ሌንስ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ቀጥሎ የሴንሰሩን ንጽሕና ፈትኑ። ሞዱን ኤቪ ላይ አድርጉ፤ አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን ቀዳዳ፣ እናንተ የምትመርጡበት ነው፤ ኒኮን ላይ ኤ ይላል። አፐርቸሩን ኤፍ 22 ላይ አውጡና ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ። ፎቶውን አጉልታችሁ ስታዩ ጥቁር ነጠብጣብ ከወጣ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ ማለት ነው። ይጸዳል፤ ግን ዋጋ ለመከራከር ይጠቅማችኋል።

ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ጠይቁ። ኒኮን ይህን ቁጥር ፎቶው ውስጥ ይጽፈዋል፤ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ወይም በስልክ መተግበሪያ ከፍታችሁ ታገኙታላችሁ። ካኖን ላይ ለብቻው ሶፍትዌር ይፈልጋል። ዲ3500 እስከ 100,000 ጊዜ ተፈትኖ የወጣ ነው። ከዚያ በላይም የሚሄድ አለ፣ ግን ሠርግ ሲቀርጽ የኖረ ካሜራ ላይ ቁጥሩን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።

የመጨረሻው ሰው የሚረሳው ነው። ከካሜራው አናት ላይ፣ ፍላሽ የሚሰካበትን ብረት እዩ። መሃሉ ላይ ክብ ነጥብ ካለ ማንኛውም ርካሽ ፍላሽ ይሠራል። ካኖን በዚህ ዘመን አንዳንድ የጀማሪ ካሜራዎቹ ላይ ይህቺን ነጥብ አውጥቷታል። ከሌለች የካኖን የራሱ ወይም ከእሱ ጋር የሚግባባ ፍላሽ ያስፈልጋችኋል። የስቱዲዮ ሥራ ላሰበ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ደረጃ 3፦ ሁለተኛ ሌንስና ሁለተኛ ባትሪ

ከቦዲው ጋር የሚመጣው ኪት ሌንስ 18-55 ሚሊ ሜትር ነው። ለመማሪያ ይበቃል። 18ቱ ግንቡን በሙሉ ያስገባል፣ 55ቱ ለፊት ፎቶ ይሆናል። ድክመቱ ጨለማ ላይ ነው፦ 55 ላይ ሲሆን ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)።

ስለዚህ ቦርሳ፣ ፊልተርና «ዋይድ ኮንቨርተር» የታጨቀበትን ጥቅል ትታችሁ ያን ብር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ላይ አውሉት። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 5.6 አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ቡና እየተፈላ ባለበት፣ በአንዲት መስኮት በሚበራ ክፍል ውስጥ ይህ ማለት ብዥ ባለና ጥርት ባለ ፎቶ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የእነዚህ ካሜራዎች ሴንሰር ከድሮው ፊልም ስለሚያንስ 50ው ጠበብ አድርጎ ያሳያል፤ ካኖን ላይ 80 እንደማለት ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ ማስደገፍ ይመጣል። ኒኮን የያዘ ሰው 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ዲኤክስ ቢገዛ ይመቸዋል።

ባትሪ ሁለት ይሁን። የካኖን 2000ዲ ኤልፒ-ኢ10፣ የኒኮኑ ኢኤን-ኢኤል14ኤ ነው። ካርድ ከአንድ ባለ 128 ይልቅ ሁለት ባለ 32 ጊጋባይት ግዙ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ቀን ማስተካከያ

ምናሌው አማርኛ ስለሌለው እንግሊዝኛውን መልመድ ነው። አይዟችሁ፣ የምትነኩት ጥቂት ቦታ ብቻ ነው።

በዓይን ማያው ጎን ትንሽ ጎማ አለች፤ 4000ዲ ላይ አትፈልጓት። ሌንሱን ሳይሆን ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች እያያችሁ ጥርት እስኪሉ አዙሯት። መነጽር የምታደርጉ ሰዎች ይህን ሳታደርጉ «ካሜራው ፎከስ አያደርግም» እንዳትሉ።

ቀንና ሰዓቱን አስተካክሉ። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው። ጥዋት 1 ሰዓት ያነሳችሁትን 7፡00 ብሎ ይጽፈዋል። እንደዚያው ተዉት፤ ኮምፒውተር ላይ የምታስቀምጡበትን ፎልደር ግን በእኛ ቀን ሰይሙት፣ በኋላ ስትፈልጉ ለማግኘት ይቀላል።

የፎቶውን ዓይነት ራው እና ጄፔግ አንድ ላይ አድርጉ። ጄፔጉ ወዲያው ለሰው የምትልኩት ነው። ራው ሴንሰሩ ያየው ጥሬው ነው፤ የጨለመውን ፊት በኋላ ለማውጣት፣ ቀለሙንም ለማረም የሚያስችለው እሱ ነው። አንዱ ከ20 እስከ 30 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ቦታ ይበላል፣ ግን ይገባዋል።

ድምፁን አጥፉ። ፎከስ ባደረገ ቁጥር ጢጥ ጢጥ የሚል ካሜራ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሳፍራል። ፍላሹም በራሱ እንዳይነሳ አረንጓዴውን አውቶ ሞድ ተዉትና ኤቪ ላይ ቁሙ። ፎከሱን መሃሏ ነጥብ ላይ ብቻ አድርጉት። 2000ዲ 9፣ ዲ3500 11 የፎከስ ነጥብ አላቸው፤ ጨለማ ላይ የምትታመነው ግን የመሃሏ ናት። በእሷ የሰውየውን ዓይን ይዛችሁ፣ ቁልፉን በግማሽ ተጭናችሁ፣ ካሜራውን ወደፈለጋችሁት ቦታ መልሳችሁ ጨርሱት።

ደረጃ 5፦ ሦስቱ ቁጥሮች

አፐርቸር የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ብርሃን ይበዛል፣ ከፊቱ ኋላ ያለው ነገርም ይደበዝዛል። ሹተር ስፒድ ቀዳዳው ለምን ያህል ጊዜ ብርሃን እንደሚያሳልፍ ነው፤ አይኤስኦ ደግሞ ሴንሰሩ የተቀበለውን ምን ያህል እንደሚያጎላው። አይኤስኦ ሲጨምር ፎቶው ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይመጣል። እሱን አትፍሩ። ነጠብጣብ ያለበት ጥርት ያለ ፊት ንጹሕ ከሆነ ብዥታ ይሻላል።

በእጅ ስትይዙ 50ው ሌንስ ላይ ሹተሩ ከ1/100 ሴኮንድ የዘገየ አይሁን። ለሚንቀሳቀስ ሰው 1/250፣ እስክስታ ለሚመታ 1/500።

አሁን ልምምዱ። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ውጡና ሞዱን ኤም (ሦስቱንም ቁጥር እናንተ የምትወስኑበት) ላይ አድርጉ። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ ሹተር 1/400። ፀሐይ ፊት ለፊት የመታውን ማንኛውንም ነገር አንሱ። ካሜራው ምንም ይበል፣ ፎቶው ትክክል ይወጣል። የፀሐይ ብርሃን ከጥዋት 3 ሰዓት እስከ ቀትር ብዙም አይለዋወጥም። ይህን አንድ ጊዜ በዓይናችሁ ካያችሁ የካሜራው ግምት ከብርሃኑ ጋር አንድ አለመሆኑ ይገባችኋል።

ደረጃ 6፦ የካሜራውን ግምት ማረም

ካሜራው የሚለካው ከዕቃው ተንጸባርቆ የመጣውን ብርሃን ነው። ዕቃው ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም። ሁሉንም መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ነጭ ጋቢ የለበሱ እማማ ፊቱ ሲቆሙ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ ጋቢው ግራጫ ይሆናል፣ ፊታቸው ይጠፋል። የጠቆረ ግንብ ፎቶውን ሲሞላው ደግሞ «ጨለመ» ብሎ ያበራል፤ ድንጋዩ ይገረጣል፣ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል።

ማረሚያዋ ፕላስና ማይነስ የተጻፈባት ቁልፍ ናት። ኤቪ ሞድ ላይ እሷን ተጭናችሁ ይዛችሁ መዘውሩን አዙሩ። ፎቶውን ነጭ ልብስ ከሞላው ወደ ፕላስ 1 ግድም ሂዱ። ጥቁር ግንብ ከሞላው ማይነስ 1። ተቃራኒ ይመስላል። ነጩን እያያችሁ «ይቀንስ» ነው የሚላችሁ ስሜታችሁ። ስሜታችሁን ተዉት፤ የምታርሙት የካሜራውን ስህተት ነው።

ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ አብረው ጠራራ ፀሐይ ላይ ሲሆኑ ግን በቁልፍ ብቻ አይፈታም። ለፊቱ ካስተካከላችሁ ነጠላው ይቃጠላል፤ ጥለቱ ሳይቀር ይጠፋል። ለነጠላው ካስተካከላችሁ ፊቱ ይጨልማል። መፍትሔው ሰውየውን ወደ ጥላ ማምጣት ነው። የበር ሥር፣ የዛፍ ሥር፣ የግንብ ጥላ። ፊታቸው ወደ ክፍት ሰማይ ይዙር። በዚያ ላይ ፕላስ ግማሽ ካደረጋችሁ ፊቱም ጥለቱም አብረው ይወጣሉ። ጥላ ከሌለ ፀሐዩን ከጀርባቸው አድርጉና ለፊታቸው ለኩ።

ፎቶ ባነሳችሁ ቁጥር የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ እያደረገ የሚያሳየውን ማሳያ ክፈቱ። ነጠላው ሁሉ ብልጭ ብልጭ ካለ ትንሽ ቀንሱ። ፊቱ ላይ ብልጭታ ካያችሁ ደግሞ ወዲያው ቀንሱ። ስክሪኑ ጠራራ ላይ ስለሚዋሽ ፎቶው «የጠቆረ» ቢመስላችሁ አትደንግጡ፤ ይህን ብልጭታ እመኑ።

ደረጃ 7፦ የት፣ በስንት ሰዓት?

ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ሲጠራ ፀሐይዋ ቁርጥ ያለ ጥላ ትጥላለች። ቀትር ላይ አናት ላይ ስለምትቆም ዓይን ሁሉ ጉድጓድ ይሆናል። ሰው ለማንሳት ጥዋት ከ12፡30 እስከ 2፡30፣ ማታ ከ10፡30 እስከ 12 ሰዓት ውጡ። በመካከሉ ቡና ጠጡ፣ ወይም ቤት ውስጥ ሥሩ።

ለፋሲል ግቢ ጥዋት ይመረጣል። ፀሐይ ከጎን ስትመታ የድንጋዩ ሻካራነት፣ በድንጋዩ መካከል ያለው ኖራ፣ የቅስቶቹ ቀይ ድንጋይ ሁሉ ይነበባል። ቀትር ላይ ያው ግንብ ጠፍጣፋ ነው። ቱሪስት የሚቆምበት ቦታ ቆማችሁ አንድ አንሱና ጨርሱ፤ ከዚያ የአፄ ፋሲልን ግንብ በሌላው ግንብ በር ውስጥ አሳልፋችሁ ሞክሩ። ለውጩ ብርሃን ስትለኩ በሩ ጥቁር ፍሬም ይሆናል። ኤፍ 8፣ ማይነስ 1፣ በቃ። ግንቡን 18 ላይ አድርጋችሁ ካሜራውን ወደ ላይ ስታቀኑት ማማዎቹ ወደ ውስጥ ይዘማሉ፤ ራቅ ብላችሁ ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ከያዛችሁ መግቢያው ላይ ጠይቁ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ፍላሽ ክልክል ነው። ክልከላው የቆዩትን ሥዕሎች ለመጠበቅ ነው፤ ሠዓሊ ሆናችሁ ይህን ካላከበራችሁ ማን ያከብራል? ደግነቱ ፍላሽ አያስፈልጋችሁም። ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡ፣ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ቆዩ። ለጣሪያው የመላእክት ፊቶች 18 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 3.5፣ አይኤስኦ 1600፣ ሹተር 1/30 ጀምሩ። ክርናችሁን ደረታችሁ ላይ አጣብቁ፣ ትንፋሻችሁን ያዙ፣ ሦስት አከታትላችሁ አንሱ። ከሦስቱ አንዱ ጥርት ይላል። በቅዳሴ ሰዓት ካሜራ አታውጡ። ካህን ለማንሳት ደግሞ መጀመሪያ «አባ፣ ይፍቱኝ» ብላችሁ ተሳለሙ፣ ከዚያ ጠይቁ።

ገበያም ላይ ያው ነው። «እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» ማለት ፊትን ይፈታል። እምቢ ካሉ እምቢ ነው፤ ከሩቅ በዙም መስረቅ ነውር ነው። ፈቅደው ሲነሱ ስክሪኑን አሳዩአቸው። የፎቶ ቅጂ እሰጣለሁ ካላችሁ ስጡ፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሰው እየለየ ያስታውሳችኋል።

ማታ ጎሃ ኮረብታ ላይ ከወጣችሁ ከተማዋ ከሥራችሁ ናት። ፀሐይ ከገባች በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ መብራቱ ሲበራ ትራይፖድ ላይ አድርጉ፤ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ ከ4 እስከ 8 ሴኮንድ። ቁልፉን በእጅ መጫን ካሜራውን ያነቃንቀዋል፤ የ2 ሴኮንድ ታይመሩን ተጠቀሙ። ትራይፖድ ከሌለ የአጥር ግንብና የታጠፈ ጋቢ ይበቃል።

ደረጃ 8፦ ለሠዓሊው፣ ሥዕልን ፎቶ ማንሳት

ጎንደር የሥዕል ከተማ ናት፤ ሥዕሉን ግን በስልክ አንስቶ የሚልክ ሠዓሊ ብዙ ነው። ሸራው ተጣሞ፣ አንዱ ጥግ ጨልሞ፣ የቀባው ቢጫ ብርቱካን ሆኖ ይደርሳል። ገዢው የሚያየው ሥዕሉን ሳይሆን ያን ፎቶ ነው።

ብርሃኑን ምረጡ። የሚሻለው ደመናማ ቀን ነው፤ ክረምት ለዚህ ሥራ ወርቅ ነው። በጋ ከሆነ ፀሐይ የማይመታው፣ ሰማይ ግን የሚያየው ግድግዳ ፈልጉ። ከጎኑ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም የተቀባ ግድግዳ አይኑር፤ ቀለሙ ሸራው ላይ ያርፋል። ከቆርቆሮ አጥርም ራቁ።

ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ስቀሉ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ፣ የሌንሱን መሃል ከሥዕሉ መሃል እኩል ቁመት ላይ አድርጉ። ሁለቱ ትይዩ መሆናቸውን ለማወቅ አንድ ዘዴ አለ። ትንሽ የኪስ መስታወት ሥዕሉ መሃል ላይ ልጥፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሌላ ሰው ቢይዝላችሁ ይመረጣል። በካሜራው ስታዩ የራሳችሁ ሌንስ መስታወቱ መሃል ከታየ ቀጥ ብላችኋል። ካልታየ ትራይፖዱን አንቀሳቅሱ። መስታወቱን አንሱና ቀጥሉ።

ሌንሱ 50 ይሁን። 18 ላይ አድርጋችሁ ተጠግታችሁ ካነሳችሁ የሸራው ጠርዝ ይለመጣል። ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 100፣ የ2 ሴኮንድ ታይመር። ሹተሩ ደመና ላይ 1/30 ቢሆንም ግድ የለም፣ ሸራ አይንቀሳቀስም። ዙሪያውን ትንሽ ቦታ ተዉ፣ በኋላ ይቆረጣል።

ቀለሙ ላይ አትቸኩሉ። ነጭ ወረቀት ሥዕሉ ፊት፣ በዚያው ብርሃን አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ዋይት ባላንሱን «ከስተም» ላይ አድርጋችሁ ያን ፎቶ ምረጡለት። አሁን ካሜራው ነጭ ምን እንደሆነ ያውቃል። ወረቀቱ ሰማያዊነት እንዳይኖረው ተጠንቀቁ፤ ብዙ የማተሚያ ወረቀት ትንሽ ሰማያዊ ይላል፣ ወፍራም የሥዕል ወረቀት ይሻላል። ጥቁር የበዛበትን ሸራ ስታነሱ ፕላስ ማይነሷን አትርሱ፤ ካሜራው ጥቁሩን ግራጫ ሊያደርግባችሁ ነው።

የዘይት ቀለም ያብለጨልጫል። ነጸብራቅ ካያችሁ ሥዕሉን ከብርሃኑ አዙሩና ካሜራውን በመስታወቱ እንደገና ትይዩ አድርጉ። በሌሊት መሥራት ግድ ከሆነ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት አምፖሎችን ከግራና ከቀኝ፣ በ45 ዲግሪ፣ በእኩል ርቀት አድርጉና የክፍሉን መብራት አጥፉ። አንድ ቢጫና አንድ ነጭ አምፖል ከቀላቀላችሁ የትኛውም ማስተካከያ አያድናችሁም።

ፎቶን ለሥዕል መነሻ የምታደርጉም አላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ካሜራ ጥላን ያጠቁራል። በዓይናችሁ ስታዩት የነበረው የበር ሥር ቡኒና ወይን ጠጅ፣ ፎቶው ላይ ጥቁር ጉድጓድ ነው። ፎቶውን የሚገለብጥ ሠዓሊ ያን ጥቁር ይቀባዋል፤ ያስታውቃል። ስለዚህ ሁለት አንሱ። አንዱን ለብርሃኑ፣ አንዱን ፕላስ 2 አድርጋችሁ ለጥላው። ፊት ስታነሱም 18ን ሽሹ፤ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ይወስዳል።

ደረጃ 9፦ ጥምቀት

በከተራና በጥምቀት፣ ጥር 10 እና 11፣ እስካሁን የተማራችሁት ሁሉ ይፈተናል። ነጭ ልብስ፣ ወርቃማ ዣንጥላ፣ ውሃ፣ ግርግር። ጥር 10 ማታ ታቦታቱ ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ሲያድሩ 50ውን ሌንስ ግጠሙ፦ ኤፍ 1.8፣ አይኤስኦ 3200፣ ሹተር 1/100 ግድም። 1.8 ላይ ከቅርብ ስታነሱ ጥርት የሚለው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ፎከሱ ዓይን ላይ ይሁን።

በማግሥቱ ጥዋት ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቶቹ ሲዘሉ ሹተሩ 1/1000 ወይም ከዚያ በላይ ካልሆነ የውሃው ነጠብጣብ አይቆምም። አይኤስኦ 200፣ ኤፍ 5.6፣ 1/1600 ጥሩ መነሻ ነው። ኤም ሞድ ላይ ቆልፉት፤ ኤቪ ላይ ከተዋችሁት ነጭ ለባሽ ባለፈ ቁጥር ግምቱን ይቀያይራል። አከታትሎ ማንሻውን አብሩ። 2000ዲ በሴኮንድ 3፣ ዲ3500 5 ያነሳል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ከመያዝ ይልቅ ልጁ ሊዘል ሲል ጀምሩ። ካሜራው ውሃ አይችልም። ላስቲክ ከረጢት ላይ ለሌንሱ ቀዳዳ አውጥታችሁ በጎማ እሰሩት፣ ማሰሪያው አንገታችሁ ላይ ይሁን። ቦታ ለመያዝ ገና ሌሊት መሄድ ነው። ታቦት ሲያልፍ ዝቅ በሉ፤ ከኋላችሁ ያለው ሰው የመጣው ለፎቶ አይደለም።

ደረጃ 10፦ አቧራ፣ ዝናብና ፋይል

በበጋ የባጃጅ አቧራ፣ በክረምት ሻጋታ። እነዚህ ካሜራዎች ሴንሰራቸውን ራሳቸው አያራግፉም፤ አቧራ ከገባ ገባ ነው። ሌንስ ስትቀይሩ ካሜራውን አጥፉ፣ አፉን ወደ መሬት አድርጉ፣ ንፋስ አዙራችሁ ቶሎ ጨርሱ። ሌንሱን በሸሚዝ ጫፍ ወይም በነጠላ አትጥረጉ። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ አቧራውን አራግፉ፣ ከዚያ የመነጽር ጨርቅ። በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ይጨምራል እንጂ አያጸዳም። በክረምት የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ቆልፎ ማክረም ሻጋታ መጥራት ነው፤ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን የምታገኟትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምራችሁ አስቀምጡት።

ማታ ቤት ስትገቡ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ፣ ቀጥሎ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ። ሁለቱም ቦታ መከፈቱን ካያችሁ በኋላ ብቻ ካርዱን ካሜራው ውስጥ አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉ። ኮምፒውተር ላይ አንድ በአንድ እየመረጣችሁ አትደምስሱ፤ ካርዱን ካሜራው ውስጥ ፎርማት ማድረግ ይሻላል። ባትሪውንም መብራት ሳይጠፋ ቻርጅ ላይ አድርጉት።